ምዕራፍ 8፦ ደም፣ እዥ፣ መግል

አንዲት ሴት እናስብ። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ መጥታ የቀኝ ጡቷ ከብብቷ ንፍፊቶች ጋር ተወግዶላታል። አሥር ቀን ያህል ከጎኗ ተንጠልጥሎ የቆየው ቱቦ ከወጣላት ዛሬ አራተኛ ቀኗ ነው፤ ልጇ በተከራየችው ክፍል ውስጥ እያገገመች ነው። ጧት ፊቷን ልትታጠብ ጎንበስ ስትል ከቆዳዋ ሥር አንድ ነገር ይንቀሳቀሳል፤ ቅል ውስጥ የቀረ ውሃ ሲወዛወዝ እንደሚሰማው። ስትዳብሰው ከስፌቱ በታች አብጧል። በአንድ ወገን ጫን ስትለው በሌላው ወገን ይነሣል። አያምም። አለማመሙ ግን አላጽናናትም፤ መጀመሪያ ያገኘችው ዕጢም አያምም ነበርና። «ተመለሰብኝ» አለች በልቧ። ለልጇ አልነገረቻትም። ለቀጠሮዋ ገና አሥራ ሁለት ቀን ይቀራል።

ይህን ምዕራፍ የምጽፈው ያ ዝምታ እንዲሰበር ነው። ከቆዳዋ ሥር የሚወዛወዘው ነገር የተመለሰ ካንሰር አይደለም። ቀዶ ሕክምናው ተበላሽቷል ማለትም አይደለም። ሐኪሞች ሴሮማ ይሉታል፤ እኛ «ውሃ ቋጠረ» እንላለን። የጡት ካንሰር ቀዶ ሕክምና ከሚያስከትላቸው ችግሮች ሁሉ በብዛት የሚያጋጥመው ይኸው ነው። ከ100 ሴቶች በጥቂቶቹ ብቻ ታየ የሚሉ ጥናቶች አሉ፤ ከ80 በሚበልጡት ታየ የሚሉም አሉ። ይህን ያህል የተራራቁት ጥናቶቹ ስለተሳሳቱ ሳይሆን የሚቆጥሩት ነገር ስለተለያየ ነው፤ አንዱ መርፌ ያስፈለገውን ብቻ ይቆጥራል፣ ሌላው አልትራሳውንድ ያሳየውን ጠብታ ሁሉ።

አማርኛ ለዚህ ጉዳይ ከብዙ የሕክምና መማሪያ መጻሕፍት በተሻለ ያዘጋጀን ይመስለኛል። ከቁስል ለሚወጣ ነገር ሦስት ስም አለን፤ ደም፣ እዥ፣ መግል። ደምን ሁሉም ያውቀዋል። መግል ወፍራምና የሚሸት ነው፤ ሰውነት ከጀርም ጋር ሲዋጋ የሚተርፍ ነው። እዥ ግን በሁለቱ መካከል ያለው ነው፤ ልጅ ወድቆ ጉልበቱ ሲላጥ ደሙ ካቆመ በኋላ የሚያዠው ጠራ ያለ ፈሳሽ፣ ምጣድ የነካ ጣት ላይ ውሃ የሚቋጥረው። ሴሮማ ማለት ከቆዳ ሥር መውጫ አጥቶ የተጠራቀመ እዥ ማለት ነው። እናቶቻችን የልጅ ጉልበት ላይ እዥ ሲያዩ አይደነግጡም፤ «ሊድን ነው» ይላሉ። ደረት ላይ ሲሆን የሚያስደነግጠው ብዛቱና ያለበት ቦታ ነው።

ለምን ይጠራቀማል? ጡት ሲወገድ ሐኪሙ ቆዳውን ከደረት ጡንቻው ላይ ይለያል፤ በመካከል የነበረው የጡት ሥጋ ይወጣል። ቆዳው ተመልሶ ይሰፋል እንጂ ከጡንቻው ጋር ወዲያው አይጣበቅም። የጭቃ ቤት የሠራ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ልስን ከግድግዳው ጋር ካልተጣበቀ በስተጀርባው ክፍተት ይተዋል፤ ሲያንኳኩት ባዶ ድምፅ ይሰጣል። ሰውነት ደግሞ ባዶ ቦታ አይተውም። የተቆረጡት ጥቃቅን የደም ሥሮች ያዣሉ፤ የቁስሉ መቆጣት ተጨማሪ ፈሳሽ ይስባል። ከሁሉ በላይ የሊምፍ ቧንቧዎች አሉ። ከደም ሥሮች ወደ ሥጋ የሚሰርገውን ፈሳሽ ሰብስበው ወደ ደም የሚመልሱ ቀጫጭን ቧንቧዎች ናቸው፤ ብብት ደግሞ የክንዱም የጡቱም ቧንቧ የሚገናኝበት መጋጠሚያ ነው። ካንሰሩ ደርሶበታል ተብሎ የብብቱ ንፍፊት ሁሉ ሲጠረግ ይህ መጋጠሚያ ይቆረጣል። የተቆረጠው ቧንቧ ጫፍ እስኪደፈን ድረስ የያዘውን ወደ ባዶው ቦታ ያፈሳል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው የሚጠይቀው ስለሆነ። ይህ ፈሳሽ ለምን እንደ ደም ረግቶ ራሱን አይዘጋም? ደምን የሚያረጋው ፋይብሪኖጅን የተባለ ፕሮቲን በእዡ ውስጥ አነስተኛ ነው። የረጋውንም የሚያሟሙ ኢንዛይሞች በውስጡ ይሠራሉ። ቆዳውንና ጡንቻውን ሊያጣብቅ የሚገባው የሰውነት ሙጫ በዚህ ፈሳሽ ውስጥ ሊይዝ አይችልም። ፈሳሹ መጣበቁን ይከለክላል፤ አለመጣበቁ ደግሞ ለፈሳሹ ቦታ ይሰጣል። ችግሩ አንዳንድ ጊዜ ለሳምንታት የሚጎተተው በዚህ ምክንያት ነው።

ነርሶቹ ድሬይን የሚሉት ቱቦ የተፈለሰፈው ይህን አዙሪት ለመስበር ነው። ፈረንሳዊው ሐኪም አንሪ ረዶን እ.ኤ.አ. በ1954 አየር በተመጠጠለት ጠርሙስ የሚስብ ቱቦ አስተዋወቀ፤ ዛሬም በብዙ ሆስፒታሎች በስሙ ይጠራል። እ.ኤ.አ. በ1971 ደግሞ ጃክሰንና ፕራት የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ሐኪሞች ለስላሳ የሲሊኮን ቱቦ አስተዋወቁ፤ በጫፉ የሎሚ ቅርጽ ያለው ተጨማቂ ኳስ የተገጠመለት ቱቦ በእነርሱ ስም ይታወቃል። ኳሱ ይጨመቃል፣ ተጨምቆ እንዳለ ይከደናል፤ ወደ ቅርጹ ለመመለስ ሲታገል ፈሳሹን ይስባል፣ ቆዳውንም ከጡንቻው ጋር ያስጠጋል። ስለዚህ ኳሱ እንደ ፊኛ ተነፍቶ ከታየ እየሳበ አይደለም፤ ነርስ እንዳስተማረችው በንጹሕ እጅ እንደገና መጨመቅ ያስፈልጋል። ቱቦው በረጋ ደም ተዘግቶ ከሆነም በድንገት መፍሰሱን ያቆማል። ይህን «ደረቀልኝ» ብሎ መደሰት ስሕተት ነው፤ ውስጡ እየሞላ ሊሆን ይችላል።

ቱቦው እያለ ሁለት ነገር ይጻፍ፤ በ24 ሰዓት ስንት ሚሊ ሊትር ወጣ፣ ቀለሙስ ምን ይመስላል። በመጀመሪያው ቀን ቀይ ነው። ከዚያ እየቀላ ሳይሆን እየሳሳ ይሄዳል፤ ሮዝ ይሆናል፣ በመጨረሻም እንደ ብርዝ ፈዘዝ ያለ ቢጫ። ብዙ ሐኪሞች ለሁለት ተከታታይ ቀናት ከ30 ሚሊ ሊትር በታች ሲሆን ያወጡታል፤ አንዳንዶቹ 20ን፣ ሌሎቹ 50ን መለኪያ ያደርጋሉ። ለምን ፈጽሞ እስኪደርቅ አይጠበቅም? ቱቦው ራሱ ከውጭ ወደ ውስጥ የሚያስገባ በር ነው፤ በቆየ ቁጥር ጀርም መንገድ ያገኛል። እንግዲህ የደብረ ብርሃኗ ሴት ቱቦ የወጣው ያለጊዜው ላይሆን ይችላል። ጥቂት ፈሳሽ ይቀራል ተብሎ አስቀድሞ ታውቆ ነው የሚወጣው።

የቀረው ፈሳሽ ትንሽ ከሆነ፣ ካልወጠረና ካላመመ ምንም ሳይደረግ መተው ጥሩ ሕክምና ነው። ሰውነት በሳምንታት ውስጥ መልሶ ይመጠዋል። ያበጠውን ሁሉ ወዲያው በመርፌ መምጠጥ ትጋት ይመስላል፤ ነገር ግን እያንዳንዱ መርፌ ንጹሕ ወደሆነ ቦታ የሚገባበት አንድ ተጨማሪ ዕድል ለጀርም ይሰጣል። ቆዳው ከተወጠረ፣ የስፌቱን ጠርዝ ከጎተተ፣ ክንድ ማንሣት ካስቸገረ ግን ይመጠጥ። አሠራሩ ቀላል ነው። ቆዳው በፀረ ጀርም ይጠረጋል፣ መርፌው እብጠቱ ዝቅ ባለበት ይገባል፣ በትልቅ ሲሪንጅ ይሳባል። ቀዶ ሕክምናው የቆዳውን ነርቮች ስለሚቆርጥ ቦታው ብዙውን ጊዜ ደንዝዟል፤ «ሲስተር፣ ገባ እንዴ?» ብለው የሚጠይቁ ብዙ ናቸው። ሃምሳ ሚሊ ሊትርም ሊወጣ ይችላል፣ ሁለትና ሦስት መቶም። በጥቂት ቀናት ውስጥ ተመልሶ ይሞላል፤ ይህም ይጠበቃል። ዋናው ጥያቄ ተመልሶ መሙላቱ ሳይሆን ካለፈው ማነሱ ነው። 200 የነበረው 140፣ ከዚያ 80 ከሆነ መንገዱ ትክክል ነው። ስለዚህ በየጊዜው የወጣው መጠን በቀን በቀኑ ተጽፎ ይያዝ።

ይህ ሥራ የሰለጠነ እጅና ንጹሕ ዕቃ ይፈልጋል። መርፌ መውጋት የሚያውቅ ጎረቤት አለ ተብሎ ቤት ውስጥ አይሠራም። ምላጭ አይነካውም፣ አይጨመቅም፣ ቅጠል አይለጠፍበትም። ስለ ጠበል ደግሞ በአክብሮት አንድ ነገር ልበል፤ እምነቷን ተይ የምትባል ሴት የለችም፤ ነገር ግን ስፌቱ ሳይደፈን፣ የቱቦው ቀዳዳ ሳይዘጋ የሚፈስበት ውሃ ሁሉ፣ የቧንቧውም የምንጩም፣ ወደ ውስጥ ይገባል። ቁስሉ እስኪዘጋ መታገስ ይገባል። ውሃ መጠጣት መቀነስም የቋጠረውን አያደርቀውም። የሚጠጣ ውሃና በቁስል ውስጥ የሚጠራቀም እዥ በአንድ ቧንቧ አይገናኙም።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ ልምጣ፤ ወደ መንቀሳቀስ። ብብቷ የተቀደደ ሴት ክንዷን ካላንቀሳቀሰች ትከሻዋ ይደርቃል፤ ለጨረር ሕክምና እጇን ከራሷ በላይ አንሥታ መተኛት ያቅታታል። ካበዛች ደግሞ ቆዳው በጡንቻው ላይ እየተንሸራተተ መጣበቅ ያቅተዋል። የትከሻ እንቅስቃሴን በማግስቱ የጀመሩ ሴቶችንና አንድ ሳምንት ያህል ያዘገዩትን ያነጻጸሩ ጥናቶች ተሠርተዋል፤ ያዘገዩት ፈሳሻቸው አነስተኛ ሆኗል፣ ትከሻቸውም ውሎ አድሮ አልተጎዳም። ስለዚህ የተለመደው ምክር መካከለኛ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት መጉረስ፣ ፊት መታጠብ፣ ቁልፍ መቆለፍ፣ ጣትንና ክርንን ማጠፍና መዘርጋት ይቻላል፤ ክንድን ከትከሻ በላይ ማንሣት ይቆይ። ከዚያ በኋላ በሐኪሙ ወይም በፊዚዮቴራፒ ባለሙያው ምክር ቀስ በቀስ ይጨመራል።

ምክሩ ቀላል ነው፤ በእኛ ቤት መፈጸሙ ግን ቀላል አይደለም። ምጣድ ፊት ቆሞ ሊጥ ማዞር ክንድን ከነትከሻው የሚያዞር ሥራ ነው፤ በአንድ ጋገራ ሃያ ሠላሳ ጊዜ ይደጋገማል። ልብስ በእጅ ማሸት፣ ጀሪካን ማንሣት፣ ልጅ ማዘል እንዲሁ። በተለይ አንዱን ማንሣት እፈልጋለሁ። ጠያቂ ይመጣል። «እግዜር ይማርሽ» ብሎ ይቀመጣል። ታማሚዋም ቤቷ እንግዳ ገብቶ ዝም ብላ መተኛት ነውር መስሏት ተነሥታ ቡና ትቆላለች፣ በሙቀጫ ትወቅጣለች፤ በዚያው በተቀደደው ወገን እጅ። ማታ ያብጣል። ጠያቂ የመጣው ሊያግዝ ነው እንጂ ሊስተናገድ አይደለም፤ ሙቀጫውን እሱ ይያዝ። ባልም ይያዝ። ለሦስት ሳምንት ያህል እንጀራውን ሌላ ሰው መጋገር፣ ወይም መግዛት፣ ከመድኃኒቱ የማይተናነስ ሕክምና ነው። ይህን ለቤተሰቡ በግልጽ መናገር የሐኪሙ ሥራ ይመስለኛል፤ ታማሚዋ ራሷ ልትናገረው ታፍራለች።

ለአንዳንዷ ግን እንዲህም ተጠንቅቃ አይቆምላትም። ሳምንታት አልፈው በየጊዜው የሚመጠጠው መጠን አልቀነሰም። ከባድ ሰውነት ያላቸው፣ ብብታቸው ሙሉ በሙሉ የተጠረገ፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት በቱቦው ብዙ የፈሰሳቸው ሴቶች ለዚህ የበለጠ ይጋለጣሉ። ፈሳሹ በቆየ ጊዜ ሰውነት በዙሪያው ስስ ግን ጠንካራ ግድግዳ ይሠራል፤ ከረጢት ይሆናል። ከረጢት ከተሠራ በኋላ መርፌው ውሃውን ያወጣል እንጂ ከረጢቱን አያጠፋም። በዚህ ጊዜ ሐኪሙ በአልትራሳውንድ እያየ ቱቦ መልሶ ሊያስገባ ይችላል። ወይም ከረጢቱን ካፈሰሰ በኋላ ዶክሲሳይክሊንን የመሰለ መድኃኒት ይጨምርበታል። መድኃኒቱ የከረጢቱን ግድግዳ ሆን ብሎ ያስቆጣዋል፤ የተቆጡት ሁለት ገጾች ይጣበቃሉ። ያቃጥላል፤ ስለዚህ ማስታገሻ አስቀድሞ ይሰጣል። ይህም ካልሆነ በቀዶ ሕክምና ከረጢቱን ማውጣትና ቆዳውን ከጡንቻው ጋር በብዙ ነጥብ መስፋት ይቀራል።

ይህ የመጨረሻው አሠራር ከመጀመሪያውም ቢሠራ መልካም እንደሆነ ማስረጃው እየበዛ ነው። ፍራሽ ሰፊ ጥጡ እንዳይሸሽ ከላይ እስከ ታች በየስንዝሩ መርፌ እንደሚያሻግር ሁሉ፣ ሐኪሙም ጡቱን ባወጣበት ዕለት ቆዳውን በሚሟሟ ክር ከጡንቻው ጋር ይነክሰዋል፤ ባዶው ቦታ ከጅምሩ አይኖርም። በቀዶ ሕክምናው ላይ የተወሰነ ደቂቃ ይጨምራል፤ የሚያስፈልገው ክርና ትዕግሥት ነው። ከፋይብሪን የተሠራ ውድ ሙጫ በብዙ አገር ተሞክሮ የተጠበቀውን ያህል አልሠራም፤ ደረትን በፋሻ አጥብቆ ማሰርም ለብቻው ያን ያህል አልረዳም። ውድ ዕቃ በማይገኝበት አገር ክሩ ከሙጫው በልጦ መገኘቱ ለእኛ ትልቅ ዜና ነው።

በእኛ አገር ነገሩ ለምን ይከብዳል? የጡት ካንሰር በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ ከሚታዩት ካንሰሮች በቁጥር የመጀመሪያው ነው፤ ብዙዎቹ ሐኪም ቤት የሚደርሱት ዕጢው ካደገ፣ ብብት ከደረሰ በኋላ ነው። ስለዚህ ሙሉ ጡት ማውጣትና ብብት መጥረግ የተለመደው ቀዶ ሕክምና ነው፤ አንድ ሁለት ንፍፊት ብቻ አውጥቶ መመርመር ፈሳሹን ይቀንሰው ነበር፣ ግን በጊዜ ለመጡ ነው የሚሠራው። ሁለተኛው ርቀት ነው። የጨረር ሕክምና ለረጅም ዓመታት በመላ አገሪቱ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር የሚገኘው፤ ጅማን የመሰሉ ከተሞች ከጀመሩም በኋላ ከሩቅ የሚመጣው ሰው ብዙ ነው። ኬሞ ደግሞ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በአብዛኛው ከ4 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ እንዲጀመር ይፈለጋል። ጀርም ያልገባበት እዥ ብቻውን ኬሞን አያስቀርም። ወደ መግል ከተለወጠ ወይም ስፌቱን ከከፈተው ግን ሁሉም ይቆማል። ለጨረርም ደረቱ ሲለካና ምልክት ሲደረግበት አብጦ ኋላ ከጎደለ ልኩ ይዛባል፤ ስለዚህ ስለ እብጠቱ ለጨረር ክፍሉ አስቀድሞ ይነገር። በዝምታ የተቀመጠ ውሃ የሚያስከፍለው ዋጋ ይህ ነው።

ቀጠሮ የማይጠብቁ ምልክቶች አሉ። ሙቀት 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሲሆን፤ ብርድ ብርድ ሲል፤ ቆዳው ሲቀላና ሲያቃጥል፤ የሚወጣው ሲደፈርስና ሲሸት፤ ስፌቱ ሲከፈት በዚያው ቀን ይኬድ። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ወይም በማግስቱ በፍጥነት የሚያብጥ፣ ጠንካራና የበለዘ እብጠት እዥ ሳይሆን ደም ነው፤ እሱም አይዘገይም። ክንዱ ራሱ፣ እስከ እጅ ድረስ፣ እያበጠ ከከበደ ሌላ ችግር ነው፤ ሊምፌዲማ ይባላል፤ ሕክምናውም ይለያል። ሁሉ ዳነ ከተባለ ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ አዲስ እብጠት ከታየም ይታይ፤ «ያው ውሃው ነው» ተብሎ አይታለፍ።

በውጭ አገር ሰው ሠራሽ ጡት ላስተከሉ እህቶች ይህ የመጨረሻው ነጥብ ይበልጥ ይመለከታቸዋል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2011 በሰው ሠራሽ ጡት ዙሪያ ሊነሣ ስለሚችል፣ ከጡት ካንሰር የተለየ አንድ ብርቅ የሊምፎማ ዓይነት አስጠነቀቀ። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ ገጻቸው ሸካራ ከሆኑት አንዱ ዓይነት ከገበያ እንዲሰበሰብ አደረገ። የበሽታው ዋና ምልክት ከዓመታት በኋላ በሰው ሠራሹ ጡት ዙሪያ በድንገት የሚቋጥር ፈሳሽ ነው። ያን ፈሳሽ ማፍሰስ ብቻ አይበቃም፤ ወደ ላቦራቶሪ መላክ አለበት። መርፌውም በአልትራሳውንድ እየታየ ይግባ፤ የተተከለው ሊቀደድ ይችላልና።

የደብረ ብርሃኗ ሴት በዚያው ቀን ብትደውል ኖሮ የሚሆነው ይህ ነበር፤ ነርሷ «ትኩሳት አለሽ? ቀልቷል?» ብላ ትጠይቃለች። የለም ስትል ለነገ ትቀጥራታለች። ሲመጠጥላት ብርዝ የሚመስል ፈሳሽ ታያለች፣ መጠኑን ትጽፋለች፣ ልጇም ታውቃለች።

ስለዚህ እህቴ፣ ቱቦው ከሚወጣልሽበት አልጋ ላይ ሳትነሺ ጠይቂ፤ «ውሃ ቢቋጥርብኝ ለማን ልደውል?» በዪ። የሚነግሩሽን ስልክ በመውጫ ወረቀትሽ ላይ አጽፊ፤ የተደረገልሽን ቀዶ ሕክምና፣ ቱቦው የወጣበትን ቀንና የመጨረሻውን ልክም አብረው ይጻፉልሽ። ወረቀቱን ለልጅሽ አሳያት። ካበጠ በዚያው ቀን ደውዪ።